አንድ ስንዝር

ጅማ ላይ ክረምት ነው። ኮከብ ከታየበት ሁለት ወር አለፈ፤
አዌቱ ደፍርሶ፣ ነጠላ ጫማ አዝሎ፣ ቁልቁል ከነፈ።
ሸምሲያ ጎረቤቴ በአጥሩ ሽንቁር አይታ ታሾፋለች፦
«የሰማይ ተማሪ፣ ሰማዩስ የት አለ?» ትለኛለች።

እውነቷን ነው፣ የለም።
የማነበው ብርሃን በኛ ጣራ በኩል አልገባም፤
ከሩቅ በረሃ ላይ፣ ከነጫጭ ሳሕኖች ጉያ ተለቅሞ፣
በቁጥር ተቋጥሮ፣ በግቢው ኔትወርክ እንደ ኤሊ አዝግሞ፣
በሦስተኛው ሌሊት ደረሰ።

ሁለት ጋላክሲዎች ናቸው፣ ለዓይን ጎን ለጎን የቆሙ፣
እንደ ተኳረፈ ሰው ጀርባ ለጀርባ የከረሙ።
አንደኛው ሰማያዊ፣ ኮከብ መውለድ ያልታከተው፤
ሌላው ቀልቶ ያረጀ፣ ምድጃው የቀዘቀዘው።
በታሕተ ቀይ ጨረር ሰማያዊውን ገልጬ ሳየው
አቧራ የተከናነቡ ጨቅላ ኮከቦች ሞልተውታል፤
በራጅ ደግሞ፣ ሆስፒታል የተሰበረ ጎድን በሚነሣበት፣
የጋለ ትንፋሽ በአሮጌው ዙሪያ ያንዣብባል።
ይህን ሁሉ አይቼም «ዝምድና የላቸውም» ብዬ ጻፍኩ በደብተሬ።
ቸኩዬ ነበር።

አባቴ አባ ፊጣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ሒርማታ፣ ከበርጩማ ጠራቢዎች ጎን።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ጣቱ ነው የሚያይለት አሁን፤
የሰው ትራንዚስተር ከፍቶ፣
ሽቦውን ዳብሶ፣ ብየዳውን ነክቶ፣
«እዚህ ጋ ነው ሕመሙ» ይላል፤
ዓይናማ ሁሉ ያለፈው ቦታ ላይ ጣቱ ይቆማል።

«ረውዳ፣ ያ የምትሰሚው ሞገድ ቁመቱ ስንት ነው?»
«ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር። ሃይድሮጅን ብቻውን ሲያንሾካሹክ ነው።»
የተለበለበ መዳፉን ዘረጋ፣ ለካበት የጠረጴዛውን እንጨት፣
«ስንዝር ነዋ!» አለኝ፤ እንደ ልጅ ሳቀበት።
ወዲያው ግን ጠየቀ፦ «አንዱ እንኳ ሲያረጅ ቆሞ ያየ ከሌለ
እንዴት እንደሚያድጉ ማን ነገራችሁ?» አለ።

ሐሙስ ነበር፣ የገበያው ቀን። «ስማ» አልኩት።
ጨቅላ አለቀሰ ከእናቱ ጀርባ፤
ጎረምሳ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ገባ፤
ከዘራ ድንጋዩን ኳ... ኳ... አደረገው፣ ሳል ተከተለው።
«በዚህች ቅጽበት ማንም አላደገም። ዕድሜን ግን ሙሉውን ሰማነው።
ሰማይም ገበያ ነው፤ ልዩነቱ፣
እጅግ ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ የልጅነት ነው፣ መንገድ ላይ ስለቆየ።»
አባቴ ካቻቪቴውን አስቀመጠ። ዝም አለ።

ያኔ ነው አንድ ልጅ የመጣው፣ ሬዲዮ በፌስታል፣ የባለቤቱን ስም ሳይናገር።
አባቴ ዳበሰው። ጀርባው ላይ የራሱ የድሮ ብየዳ ነበር።
የአጎቴ ነው። በአንዲት ግድግዳ የተነሣ አሥራ አራት ዓመት ተኳርፈው፣
ከአዌቱ ወዲህና ወዲያ ሰላምታ ተነፋፍገው።
ጠግኖ ጨረሰና፣ «ሂሳብ የለውም፣ ውሰድ» አለው ልጁን፤
መርፌውን ግን አስቀድሞ መለሰው፣ አጎቴ ወደሚወደው ጣቢያ።

ሌሊቱን የስንዝሩን ካርታ ከፈትኩ።
በሁለቱ መሐል፣ ዓይን ባዶ ባለው ሰማይ፣
ቀጭን የጋዝ ክንድ ተዘርግቷል፣ ከአሮጌው ተነሥቶ ሰማያዊው ትከሻ ላይ።
ያኛው በሰጠው ነው ይሄኛው የሚወልደው።
ደብተሬን ገለጥኩ፣ ያን መስመር ሰረዝኩት፤
ምትኩን ሳልጽፍ መብራት ሄደ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቃል።
ያ ሞገድ ግን ዝናብ አያግደውም፣ ደመናን ያልፋል፤
አሁንም ይወርዳል፣
ሸምሲያ ረስታው ባደረው ልብስ ላይ፣
በድፍርሱ አዌቱ፣ በአጎቴ በር ላይ።
በጨለማው እጄን ዘረጋሁ፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ።
የአባቴን አያህልም። ትንሽ ይጎድለዋል።